ከአይሱዙ የምትፈጥን አውሮፕላን

ሀዋሳ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2004 ዓ.ም.
ይድረስ ለትዕግሥት ሽፈራው፣ ዩትሬክት

«የኑሪ አውሮፕላን ከአይሱዙ ትፈጥናለች።»

ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። ባለፈው እሑድ ሐይቅ ዳር የዓሣ ሾርባ ስጠጣ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ለጓደኛው ሲነግረው ሰምቼ ነው። ሰላምታ መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ። ግን ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ ስላቃተኝ ሰላምታውን ዝቅ አድርጌዋለሁ።

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱ አይጉዳሽ፣ ደጅሽ አይዘጋ፣ እጅሽ የነካው ይስመር። እኛ ደኅና ነን። ሐይቁም ባለበት አለ። አባትሽም ደኅና ነው። «ሰላም በላት» አላለኝም፤ አለ ብዬ አልጽፍልሽም። የአክስቴ ልጅ ቢሆንም፣ የፋርማሲ ትምህርትሽን ትተሽ ከሄድሽ ወዲህ በእናንተ መካከል ያለውን ዝምታ አላሳምረውም፣ አላበላሸውም። እንዳለ አቀርበዋለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ኑሪን ሳታስታውሺው አትቀሪም፤ አዲስ ከተማ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው። ሰውየው እሑድ እሑድ ሱቁን ዘግቶ፣ በገዛ እጁ ከፎምና ከስስ ጣውላ የሠራትን ትንሽ አውሮፕላን ሐይቅ ዳር ካለው ባዶ ሜዳ ላይ በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ያበራል። እንደሱ ያሉ ሦስት ሰዎች አብረውት አሉ። የቀረነው ተመልካች ነን፤ ሐይቅ ዳር የሚቆሙትን አባ ኮዳ አሞራዎች ጨምሮ።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንዱ ከሌላው ይፈጥናል ሲባል የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዞሬ «በስንት?» አልኩት ሰውየውን። አየኝ፣ ጓደኛውን አየው፣ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ።

ስለዚህ መለካት አለብኝ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አንቺ እዚያ የፍጥነት ካሜራ እንደምትሠሪ ያወራል። ከዚህ አገር ገንዘብ የማይጠይቅ ደብዳቤ ሲደርስሽ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እኔ የምፈልገው ካሜራና አሠራሩን ነው።

አክባሪሽ፣ ጉልላት

*

ዩትሬክት፣ ኅዳር 20 ቀን 2004 ዓ.ም.
ለተከበሩ ጋሽ ጉልላት

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ውጭው ጨልሞ ነበር፤ እዚህ በዚህ ወር ከሰዓት በኋላም ጨለማ ነው። ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። እኔ የፍጥነት ካሜራ አልሠራም። የፍጥነት ካሜራ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ስልክ አነሳለሁ። የሚደውሉት አብዛኞቹ የተቀጡ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው በፍጥነት የነዳ አንድም ሰው አላጋጠመኝም።

ቢሆንም ከቴክኒሻኖቹ አንዱን ምሳ ሰዓት ላይ ጠየቅሁልዎ። ነገሩ ከባድ አይደለም። ሁለት ምሰሶ ተክለው በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ይለካሉ። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስረው፣ ራቅ ብለው፣ የሁለቱን መካከል ፊት ለፊት እንዲያይ ያቆሙታል። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው። ቪዲዮ ማለት የተደረደረ ፎቶግራፍ ነው። አውሮፕላኗ ከአንዱ ምሰሶ እስከ ሌላው እስክትደርስ ስንት ምስል እንዳለፈ በኮምፒዩተር አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ካሜራው በሰከንድ ሠላሳ ምስል ስለሚያነሳ፣ የቆጠሩትን ለሠላሳ ሲያካፍሉ ሰዓቱን ያገኛሉ። ቴክኒሻኑ «ሠላሳዋን አደራ፤ እሷ እጥፍ ብትሆን ፍጥነቱም እጥፍ ነው የሚወጣው» ብሏል። የቀረውን እርስዎ ያውቁታል።

ካሜራውን ቅዳሜ ገበያ ላይ ካንድ ሽማግሌ ገዛሁት። የልጅ ልጆቹን በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ሲቀርጽበት የኖረ ነው። የእኔም ካሜራ ይህንኑ ዓይነት ስለሆነ አውቀዋለሁ። ማውጫው በሆላንድኛ ነውና ምንም አይነካኩ፤ ቀዩን ቁልፍ ብቻ ይጫኑ። ለገና አዲስ አበባ የምትመጣ ሃሴት የምትባል ጓደኛዬ ይዛልዎ ትመጣለች።

ለሁሉም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ለሁሉም ማለቴ ነው።

ትዕግሥት

*

ሀዋሳ፣ ጥር 24 ቀን 2004 ዓ.ም.
ውድ ትዕግሥት

ዕቃውን በሰላም ያደረሰልን አምላክ አንቺንም በሰላም ያቆይሽ። ሃሴትን እግዚአብሔር ይባርካት፤ ካሜራውን በሹራብ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ነው ያመጣችው።

ሰላምታሽን ለሁሉም አቅርቤያለሁ። «ሁሉም» ሰምቶ ወደ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ግን ሳልጠራው ሜዳው ላይ መጣ።

ትእዛዝሽን ጠብቀናል። ኑሪ ከቀዩ ቁልፍ በቀር ሌላውን ቁልፍ ሁሉ በፕላስተር ለጠፈው። ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቀይና ነጭ ቀብተን ሃያ አራት ሜትር አራርቀን ተከልን። ምሰሶ ሲተከል ያየ ሰው ሁሉ እየመጣ «መሬት ሊሰጥ ነው እንዴ?» ይላል። አውሮፕላን ልንለካ ነው ስንለው እየሳቀ «ለኛም አስቡልን» ብሎ ይሄዳል። አንዱ ስልክ ቁጥሩን ትቶልናል።

ሁለተኛው ምሰሶ አሸዋ ላይ ስለዋለ አልቆም አለ። አባትሽ ያዘው። ማንም ያዝ አላለውም፤ ሄዶ ያዘው።

ኑሪ አውሮፕላኗን አስነሥቶ በፊታችን አሳለፋት። ድምፅዋ እንደ ተናደደ ንብ ነው። ማታ በኑሪ ሱቅ ኮምፒዩተር ቆጠርን። ኮምፒዩተሩ ቪዲዮ ሲያሳይ ስለሚንተባተብ ሰዓቱን ማመን አይቻልም፤ አንድ በአንድ ሲቆጠር ግን ታማኝ ነው። ሃያ ሰባት ምስል። አሰላሁት። እንደገና አሰላሁት። በሰዓት ዘጠና ስድስት ኪሎ ሜትር።

ኑሪ ተነሥቶ ከሱቁ በር ላይ በነጭ ቀለም 96 ብሎ ጻፈና ቆሞ አየው። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ቁጥሩን ያውቀዋል። ብሎን ሊገዛ የመጣ ሰው ብሎኑን ረስቶ ስለ አውሮፕላኗ ይጠይቃል።

ችግሩ የመጣው በዚያው ሳምንት እሑድ ነው። ደስታ አንዳንዴ ከፍታውን አያውቅም። አውሮፕላኗ ዝቅ ብላ ስታልፍ ሐይቁ ዳር ፎቶ ከሚነሱ ሙሽሮች አንዷን ቬሎዋን ይዛባት ሄደች። ሙሽራዋ አልተነካችም። እንዲያውም ስቃለች። አማቷ ግን አልሳቀችም፤ ሰኞ ጠዋት ለማዘጋጃ ቤቱ አቤቱታ አቀረበች።

በማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ጉዳዩን የያዘችው ወይዘሮ ወንጌላዊት ናት። አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምሬያታለሁ። የሰጠችን ውሳኔ ይህ ነው፤ በከተማ ውስጥ መኪና ከስልሳ በላይ እንደማይሄድ ሁሉ፣ በሜዳው ላይ የምትበር ነገርም ከስልሳ መብለጥ የለባትም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ፍጥነቷ በባለሙያ ተለክቶ ተፈርሞ ይቅረብ፤ ካልቀረበ ወይም ከስልሳ ከበለጠ ሜዳው ይከለከላል። ከዚህ ሌላ ለዚህ የሚሆን ባዶ ቦታ በከተማው የለም።

እንግዲህ ኑሪ ለክብሩ ፈጣን፣ ለሜዳው ዘገምተኛ መሆን አለበት። ባለሙያው ደግሞ እኔ ነኝ።

ጉልላት

*

ዩትሬክት፣ የካቲት 28 ቀን 2004 ዓ.ም.
ለተከበሩ ጋሽ ጉልላት

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጾሙን በሰላም ያስጨርስዎ።

አንድ ነገር ሳልጠይቅ መቅረት አልቻልኩም። አውሮፕላኗ ያለፈችው በምሰሶዎቹ አናት ላይ ነው ወይስ በካሜራውና በምሰሶዎቹ መካከል? «በፊታችን» ብለው ስለጻፉ ነው።

አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ጣትዎን ከፊትዎ ቢያሳልፉት፣ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ራቅ ብሎ ያለውን ቤት ከዳር እስከ ዳር ያቋርጠዋል። ጣትዎ ግን ቤት አላቋረጠም። አውሮፕላኗም ለካሜራው ቀርባ ካለፈች እንደዚያው ነው። በካሜራውና በምሰሶዎቹ እኩሌታ ላይ ካለፈች፣ ሃያ አራት ሜትር ሄዳ የመሰለችን አሥራ ሁለት ብቻ ሄዳ ነው። ያኔ ፍጥነቷ ዘጠና ስድስት ሳይሆን አርባ ስምንት ይሆናል።

ይህ ለሜዳው መልካም ዜና ነው። ለአቶ ኑሪ እንዴት እንደሚነገር ግን አላውቅም። እዚህ የማውቀው ቁጥሩ እንዲቀነስለት የሚማጸን ሰው ነው።

ከምሰሶ እስከ ምሰሶ መሬት ላይ ገመድ ዘርግታችሁ፣ አውሮፕላኗ ልክ በገመዱ ላይ ትብረር። ከዚያ በፊት ፍጥነቱን የምታውቁት መኪና በዚያው ገመድ ላይ ነድታችሁ ካሜራውን ፈትሹት።

ምሰሶ የሚይዘው ሰው ወንበር ይሰጠው። ወገቡ ለረጅም ጊዜ መቆም አይችልም።

ትዕግሥት

*

ሀዋሳ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2004 ዓ.ም.
ውድ ትዕግሥት

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ቀኑ ያለፈው ደብዳቤው ዘግይቶ ሳይሆን እኔ የምጽፈው ስላጣሁ ነው።

ወንበር ሰጥተነዋል። «ማን አለ?» አለኝ። «ከሆላንድ ታዝዞ ነው» አልኩት። ተቀመጠ። እስከ ማታ አልተነሣም።

ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። አውሮፕላኗ ያለፈችው በእኩሌታው ላይ ነው። ይህን አሥረኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምር ነበር፤ ሐይቅ ዳር ሲሆን አላወቅሁትም።

ገመዱን ዘርግተን መጀመሪያ በባጃጅ ፈተሽን። የነዳው አቤል የሚባል ሰፈራችን ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። በአርባ ነዳሁ አለ። ቆጠርነው፤ ካሜራው ሃያ አለ።

«ጋሼ፣ አርባ ነው የነዳሁት» አለ አቤል።
«የፍጥነት ጌጁ ተበላሽቷል» አልኩት።
«ጌጁ አዲስ ነው። ባለፈው ወር ነው ያስቀየርኩት፣ ከኑሪ ነው የገዛሁት።»
ኑሪ «አዲስ ነው» አለ ቀስ ብሎ።
«አቤል፣ ዓይንም ጌጅም ይሳሳታል። ካሜራ ግን የቆጠረውን ነው የሚናገረው።»
«እንግዲህ ካሜራው ይንዳዋ» አለና ተሳፋሪ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ አያቆምልኝም።

በዚህ ከተማ ጌጁ እውነት የሚናገር ባጃጅ አይቼ ስለማላውቅ ነገሩን በዚህ ዘጋሁት።

ቀጥሎ አውሮፕላኗ በገመዱ ላይ በረረች። ኑሪ እንዲህ አሳምሮ አብርሯት አያውቅም፤ ገመዱን የምትከተል እንጂ የምትበር አትመስልም። ሃምሳ አራት ምስል። አርባ ስምንት ኪሎ ሜትር። ካንቺ ስሌት ጋር አንድ ነው፤ ይህ ልቤን አሳረፈው፣ የኑሪን ግን አይደለም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ አዲስ ከተማ ደረሰ። በማግስቱ ሱቁ በር ላይ አንዱ «ኑሪ፣ አውሮፕላንህ ፌርማታ ላይ ትቆማለች?» አለው። ሌላው ደግሞ «ወራጅ አለ!» እያለ አለፈ።

ለቢሮው የሚቀርበውን ወረቀት ይዤለት ሄድኩ። የአውሮፕላኗ ባለቤት ፊርማም ያስፈልጋል። አላነሣውም።

«መምህር፣ እኔ እዚህ ከተማ ስገባ በእጄ የነበረው አንድ ካርቶን ብሎን ነው» አለኝ። «ሱቅ የሆነልኝ ቃሌ ነው። ይሄ ብሎን አሥራ ሁለት ነው ስል ሰው ሳይለካ ይወስዳል። በሬ ላይ 96 ብዬ ጻፍኩ። አሁን 48 ብዬ ከፈረምኩ ነገ አሥራ ሁለት ያልኩትን ማን ያምነኛል?»
«ሜዳው ይዘጋል እኮ ኑሪ።»
«ይዘጋ። ወላሂ፣ እጄ ላይ አውቃታለሁ። መቆጣጠሪያውን ስይዝ ትጎትተኛለች። አርባ ስምንት ሰውን አይጎትትም።»

እጅ የመለኪያ መሣሪያ እንዳልሆነ ነገርኩት። ያለ ስሜት ነው የነገርኩት፤ ሰላሳ ዓመት የሠራሁበት ድምፅ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ክረምት ሊገባ ነው።

ጉልላት

*

ዩትሬክት፣ ግንቦት 29 ቀን 2004 ዓ.ም.
ለተከበሩ ጋሽ ጉልላት

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ጽፌ ጽፌ የማልልከው ደብዳቤ በዝቶብኝ ነው፤ ለእርስዎ የተጻፈ አልነበረም።

አቶ ኑሪ ያሉትን ለመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ነገርኳቸው። ፍጥነቱ እንዲጨመርለት የሚሟገት ሰው በድርጅቱ ታሪክ እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ቴክኒሻኑ ሰላምታ ልኮላቸዋል።

ቪዲዮውን ማየት ይፈልጋል። እዚያ ኢንተርኔት ቤት እንደማይጫን አውቃለሁ፤ ስለዚህ የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ ሰው ሲገኝ ይላኩልኝ። ምሰሶዎቹ በደንብ የሚታዩበትን። ሁለተኛው ምሰሶ በተለይ።

ትዕግሥት

*

ሀዋሳ፣ ሰኔ 25 ቀን 2004 ዓ.ም.
ውድ ትዕግሥት

ሰላምሽ ይብዛ። ዝናቡ ከመጠናከሩ በፊት ነገሩ አለቀ፤ እንዴት እንዳለቀ ልንገርሽ።

የቀነ ገደቡ ሳምንት እሑድ ሦስቱ የኑሪ ጓደኞች እንደ ልማዳቸው ሜዳው ላይ መጡ። ወረቀቱ እስኪቀርብ ድረስ ቢሮው በዚያ ሳምንት ስለከለከለ አላበረሩም። አውሮፕላኖቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ፍፁም የሚባለው የባንክ ሠራተኛ የአውሮፕላኑን ክንፍ በመሐረብ ይወለውላል። አቧራ የለበትም። ማንም ኑሪን አልለመነም፣ ስለ ወረቀቱም አላነሣም። ኑሪ ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያያቸው ቆየ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣና «መምህር፣ እስክሪብቶ ይዘዋል?» አለኝ።

ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። ወደ ሱቁ ተመልሶ በሩን በቤንዚን አጠበው። ቁጥሩ ጠፍቷል፤ ቦታው ግን ከሌላው በር ነጥቶ ስለቀረ አሁንም ይነበባል።

ወንጌላዊት ወረቀቱን አነበበች። ማስረጃ፣ ሥዕል፣ ስሌት ሁሉ አያይዤ ነበር፤ አልገለጠችውም።
«የእርስዎ ፊርማ ነው?»
«የእኔ ነው።»
«ይበቃኛል» አለች። «ለእኔ አርባ ዘጠኝ ሰጥተው አምሳ ያድርጉልኝ ብዬ ባለቅስ እምቢ ያሉኝ ሰው፣ አርባ ስምንት ካሉ አርባ ስምንት ነው።» ማኅተሙን አሳረፈችበት።

ሜዳው ተፈቀደ። መግቢያው ላይ «ከ60 በላይ መብረር ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። አባ ኮዳዎቹ ያከብሩታል። ኑሪን ግን ገበያው አሁን «አርባ ስምንት» ብሎ ይጠራዋል። ሲጠሩት አቤት ይላል። ብሎን የሚገዛ ሰው አሁን እፊቱ ይለካል። ኑሪ ሜትሩን ራሱ ያቀብላል።

እኔ ልክ ነኝ፤ ልክ መሆን እንዲህ እንደሚከብድ ግን በጡረታ ዘመኔ ነው ያወቅሁት።

ካርዱን ክረምቱን ልታሳልፍ መጥታ በምትመለሰው በሃሴት እጅ ልኬዋለሁ። የመጨረሻዋን በረራ ለአንቺ ብለን ነው የቀረጽናት። አባትሽ ከወንበሩ ተነሥቶ «ይሄ ወደ እሷ ነው የሚሄደው?» ሲል ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።  ያደረገውን ታዪዋለሽ።

ጉልላት

*

ዩትሬክት፣ ነሐሴ 16 ቀን 2004 ዓ.ም.
ለተከበሩ ጋሽ ጉልላት

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ካርዱ በደኅና ደርሷል።

አየሁት። አውሮፕላኗን ሳይሆን ሁለተኛውን ምሰሶ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፀጉሩን በእጁ አስተካክሎ፣ ካሜራውን ሳያይ ቆመ። ከስቷል። ፀጉሩ ነጭ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር። በዚህ ፖስታ ውስጥ ለእሱ የጻፍኩት አለ፤ ይስጡልኝ። ካነበበው መልካም ነው፤ ካላነበበውም እጁ ላይ ይቆይ።

አቤልን ደግሞ ስለ እኔ ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ቶሎ ስለሚያልፍብኝ፣ እናንተ አውሮፕላኗን እንደቆጠራችሁት አንድ በአንድ እያሳለፍኩ አየሁት። ባርኔጣው ከራሱ ላይ ተነሥቶ ደረቱ ጋ እስኪደርስ ብዙ ምስል ወሰደ፤ ከገመትኩት በጣም የበዛ። ደስ ብሎኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ቴክኒሻኑን ጠርቼ ይህ ሁሉ ምስል ከየት መጣ አልኩት። እሱም ፋይሉን ከፍቶ ከታች በኩል የተጻፈውን ቁጥር በጣቱ አሳየኝ። ያ ሽማግሌ የልጅ ልጆቹ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ እንዳይደበዝዙበት ማውጫው ላይ ቀይሮት ነው የሸጠልኝ።

ካሜራው በሰከንድ የሚያነሳው ሠላሳ ሳይሆን ስልሳ ምስል ነው።

ትዕግሥት